መስመር ሲቆረጥ ሥራ እንዳይቆም፦ ለጅማ ቢሮዎች የባለ ሁለት መስመር ኔትወርክ አሠራር

«ሲስተም የለም» መባል ጅማ ውስጥ ያልደረሰበት ሰው የለም። ባለጉዳይ ተሰልፏል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ላይ ክብ ነገር ይሽከረከራል። ብዙ ቢሮ ለዚህ መፍትሔ ብሎ ሁለተኛ መስመር ያስገባል። ሲም የሚወስድ ራውተር ተገዝቶ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ጅምሩ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ዋናው መስመር የሄደ ቀን ነው፦ ሁሉም ሰው በአንዴ በቀጭኑ መስመር ላይ ይወርድበታል። ኢንተርኔት አለ ይባላል፤ ስልኩ ግን ይቆራረጣል፣ የባንኩ ገጽ አይከፍትም። ምክንያቱ ሲጣራ የአንዱ ኮምፒውተር ዊንዶውስ አፕዴት እያደረገ ነው።

ስለዚህ ሁለት ሥራ አብሮ መሠራት አለበት። አንዱ መስመሩ በራሱ እንዲቀያየር ማድረግ ነው። ሌላው ማን ቢያንስ ምን ያህል እንደሚያገኝ አስቀድሞ መወሰን ነው። እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ውሳኔው በመጠባበቂያው መስመር አቅም ይሰላ። ሰፊው መስመር ላይ ሁሉም ይበቃዋል። ዋስትና የሚፈለገው በክፉ ቀን ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን መርካቶ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ አንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ እናስብ። 12 ሠራተኛ፣ 4 የኢንተርኔት ስልክ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ ካሜራ የተገጠመለት መጋዘን አለው። ዋናው መስመር 20 ሜጋ (ሜጋ ቢት በሰከንድ) ፋይበር ነው፤ መጠባበቂያው 4ጂ። ራውተሩን ማይክሮቲክ የሚባለውን ዓይነት አድርጌዋለሁ፤ በዋጋው ይህን ሁሉ የሚሠራ ብዙ የለም። ሌላ ዓይነት ካላችሁ የሜኑው ስም ይለያያል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ሥራውን በአራት መድቡ

ራውተሩን ከመንካታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። በኢንተርኔት የሚሠራውን ሁሉ ጻፉና በአራት ክፈሉት።

የመጀመሪያው ድምፅ ነው። ስልክ ብዙ ዳታ አይፈልግም፤ መዘግየት ግን አይችልም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ 114 በሚባለው ምክረ ሐሳቡ ድምፅ ከተናጋሪው አድማጩ ዘንድ ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው ይላል። ከ100 ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት ትንሽ ጥቅል) ከ1 በላይ ከጠፋ ንግግሩ መቆራረጥ ይጀምራል። ጂ 711 በሚባለው ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዳታ የሚቀይር ስልት) የሚደረግ ጥሪ ለድምፁ ብቻ 64 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይወስዳል። የፓኬቱ መጠቅለያ ሲጨመርበት በየአቅጣጫው ወደ 87 ይጠጋል። ለስሌት እንዲመቸን 100 እንበለው።

ሁለተኛው የቪዲዮ ስብሰባ ነው። ሦስተኛው የሥራ ሲስተም፦ ባንክ፣ የሂሳብ ፕሮግራም፣ ኢሜይል። አራተኛው የቀረው ሁሉ ነው፤ አፕዴት፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ፣ የፎቶ ባክአፕ፣ የእንግዳ ዋይፋይ።

ካሜራውን አራተኛው ውስጥ ክተቱት። ይህን ስል ባለቤቶች አይወዱትም። ነገር ግን ቅጂው መጋዘኑ ውስጥ ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ በክፉ ቀን የሚጠፋው በስልክ ማየት ብቻ ነው። ቅጂው አይነካም።

ደረጃ 2፦ ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው ጋር አብሮ እንዳይሞት

ሁለት ኬብል በአንድ ምሰሶ ላይ ከመጣ አንድ ቅርንጫፍ ሁለቱንም ይጥላቸዋል። ሁለት መስመር ከአንድ ድርጅት ከገዛችሁ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዋና መስመር ሲቆረጥ አብረው ይሄዳሉ። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ሁሉ ርቀት መንገድ ይቆፈራል፣ ጎርፍ ይመጣል፣ ምሰሶ ይወድቃል።

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሁለት ድርጅት መስመር መያዝ ይቻላል። አንዱን ለዋና፣ ሌላውን ለመጠባበቂያ አድርጉ። ግን ሲግናሉን ሳትፈትሹ አትግዙ። ፈረንጅ አራዳ ጥሩ የሚሠራ ሲም ቂጦ ወይም ጅሬን አቅጣጫ ላይሠራ ይችላል። በስልክ የሚጫን የሲግናል መለኪያ አፕ አለ። አርኤስአርፒ የሚለውን፣ የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳየውን ቁጥር እዩ። ነጌቲቭ 90 አካባቢ ከሆነ ደህና ነው፤ ከነጌቲቭ 110 በታች ከወረደ ሌላ ቦታ ወይም የውጭ አንቴና ይፈልጋል። የ4ጂ ራውተሩን በቆርቆሮ ጣራ ሥር ከመደበቅ መስኮት ዳር አድርጉት፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

አንድ ትንሽ ነገር እዚህ ላይ ብዙ ሰዓት ትበላለች። የፋይበሩ ሞደምም የ4ጂው ራውተርም ሁለቱም 192.168.1.1 በሚል አድራሻ ተቀምጠው ሊመጡ ይችላሉ። አንድ ራውተር ላይ ሲሰኩ ይጋጫሉ። ከመጀመራችሁ በፊት የአንዱን ወደ 192.168.8.1 ቀይሩት።

ደረጃ 3፦ መብራቱን አትርሱ

መስመር ሁለት ሆኖ መብራት አንድ ከሆነ የትም አልደረስንም። ሞደሙ፣ የ4ጂው ራውተር፣ ዋናው ራውተርና ስዊቹ አንድ ላይ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዋት ቢወስዱ ነው። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ይሻላል፤ 600 ይሆናል። ኢንቨርተሩ የሚበላውን ቀንሰን በ40 ዋት ብናካፍለው ወደ 12 ሰዓት ይሰጣል። ለጅማ ከበቂ በላይ ነው። ኮምፒውተሮቹን እዚህ ባትሪ ላይ አትስቀሉ፤ የኔትወርኩ ብቻ ይሁን።

መብረቅ ሌላው ነው። ጅማ ዝናቡ በክረምት ሦስት ወር ብቻ አያበቃም፤ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ ነጎድጓድ አለ። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የመዳብ ኬብል በአየር ላይ መሳብ ስዊቻችሁን ለመብረቅ መስጠት ነው። በዚያ ቦታ ፋይበር አስገቡ፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ጣራ ላይ የሚወጣ መሣሪያ ካለ ኬብሉ ሺልድ ያለው ይሁን፣ መከላከያ ይግባለት፣ መሬት ላይ በትክክል ይታሰር።

ደረጃ 4፦ እውነተኛውን ፍጥነት ለኩ

ውሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ለጊዜው ተዉት። ሁለቱንም መስመር ለየብቻ፣ ሌላ ሰው በማይጠቀምበት ሁኔታ፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ለኩ። ዝናብ እየዘነበም አንድ ጊዜ ለኩ። ለተወሰኑ ቀናት ድገሙትና ዝቅተኛውን ቁጥር ያዙ። ከዳውንሎዱ ይልቅ አፕሎዱን በደንብ እዩት። ስልክና ስብሰባ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአፕሎድ ጥበት ነው።

ቀጥሎ ሁለተኛ ልኬት አለ፤ እሱን የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ፒንግ (መልስ ለመምጣት የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ) ክፈቱና የሚመጣውን ሚሊ ሰከንድ እዩ። ከዚያ ከሌላ ኮምፒውተር ትልቅ ፋይል አፕሎድ አድርጉ። ፒንጉ ከ40 ተነሥቶ 800 ወይም 2,000 ከገባ ሞደሙ ውስጥ ወረፋ ተከማችቷል ማለት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። ሞደሙ 1 ሜጋ ባይት የሚያስቀምጥበት ቦታ አለው እንበል፤ ይህ 8 ሜጋ ቢት ነው። አፕሎዱ 2 ሜጋ ቢት በሰከንድ ከሆነ ያ ወረፋ እስኪያልቅ 4 ሰከንድ ይፈጃል። ከኋላ የመጣው የስልክ ድምፅ 4 ሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል። ዳታው ትንሽ ሆኖ ሳለ ስልኩ የሚሞተው በዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ዋስትናውን በመጠባበቂያው ላይ አስሉ

የመመሪያው እምብርት ይህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

የምሳሌ ቢሯችን 4ጂ ሲለካ ዝቅተኛው አፕሎድ 2 ሜጋ ሆነ እንበል። የ4ጂ ፍጥነት ይዋዥቃል፤ ስለዚህ 75 በመቶውን ብቻ እንመን። 1.5 ሜጋ፣ ማለትም 1,500 ኪሎ ቢት አለን።

4 ጥሪ በ100 ሲባዛ 400 ይሆናል። አንድ የቪዲዮ ስብሰባ በመካከለኛ ጥራት 600 እንስጠው። ለሥራ ሲስተሙ 300። ተደምሮ 1,300 መጣ። ለአራተኛው ክፍል ፈጽሞ እንዳይሞት 100 እንስጠው። ድምሩ 1,400፤ ከ1,500 በታች ነው። ገባልን።

ባይገባስ? ያኔ ቁጥሩን እየቆራረጡ ሁሉንም ለማስደሰት መሞከር ይመጣል። አታድርጉት። የሚቀረውን ምረጡና ቁርጡን ለሰዉ ንገሩ፦ «በመጠባበቂያ ላይ ስንሆን ስብሰባ በድምፅ ብቻ ነው»። ጂ 729 የሚባለው ኮዴክ ጥሪውን ከመጠቅለያው ጋር 30 ኪሎ ቢት አካባቢ ያደርገዋል፤ ስልካችሁ ከፈቀደ ይህም አንድ መውጫ ነው።

የጥሪውንም ቁጥር ገድቡት። የስልክ ማዕከሉ ላይ በአንድ ጊዜ ከ4 ጥሪ በላይ እንዳይወጣ አድርጉ። አምስተኛው ሰው «ተይዟል» የሚል ድምፅ ይሰማና ትንሽ ቆይቶ ይደውላል። ገደብ ከሌለ ግን አምስተኛው ሲገባ የአምስቱም ንግግር ይበላሻል።

የዋስትናው ድንበርም ይታወቅ። እናንተ የምታዙት ከእናንተ ራውተር እስከ ሞደሙ ያለውን ነው። ፓኬቱ ላይ የምትለጥፉትን የቅድሚያ ምልክት የሕዝቡ ኢንተርኔት አያከብርላችሁም። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የምትፈልጉ ከሆነ መዘግየቱ፣ የፓኬት መጥፋቱና የጥገና ሰዓቱ በጽሑፍ የሰፈረበት የድርጅት መስመር ውል መጠየቅ ነው። ደስ የሚለው፣ ለትንሽ ቢሮ አብዛኛው ጭንቅንቅ ያለው እዚሁ ራሱ በር ላይ ነው።

ደረጃ 6፦ መስመሩ በራሱ እንዲቀያየር

ሁለት ነባሪ ሩት (ዳታው ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት መንገድ) ይኖራል፤ ዲስታንሱ፣ ማለትም የተራ ቁጥሩ፣ አነስተኛ የሆነው ይመረጣል። ፋይበሩ 1፣ 4ጂው 3 ይሁን። የ2ን ቦታ ለምን እንደዘለልኩ አሁን ይገባችኋል።

ብዙ ሰው ቼክ ጌትዌይ የሚባለውን የመውጫ መፈተሻ ፒንግ ላይ አድርጎ ይተወዋል። ይህ የሚፈትሸው ሞደሙን ነው። ሞደሙ ጠረጴዛችሁ ላይ በሰላም እየበራ፣ ፋይበሩ መንገድ ላይ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ራውተሩ «ሞደሙ መለሰልኝ» ብሎ ሥራውን ሁሉ ወደ ገደል ይልካል። ፈተናው ከሞደሙ አልፎ ሩቅ ያለን ነገር መጠየቅ አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወደ 8.8.8.8፣ ወደ ጉግል አድራሻ፣ የሚሄድ ሩት ፍጠሩ፤ መውጫው የፋይበሩ ሞደም 192.168.1.1፣ ስኮፑ 10። ከዚያ ነባሪውን ሩት ፍጠሩ፤ ጌትዌዩ ራሱ 8.8.8.8፣ ዲስታንሱ 1፣ ታርጌት ስኮፑ 11፣ ቼክ ጌትዌዩ ፒንግ። ይህ ራውተር ኦኤስ 7 (የማይክሮቲኩ ሶፍትዌር) ላይ ነው። ማይክሮቲኩ በየ10 ሰከንዱ ይጠይቃል፤ ሁለት ጊዜ መልስ ካጣ ሩቱን ያወርደዋል። 20 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው።

አንድ አድራሻ ብቻ አትመኑ። 8.8.8.8 ራሱ ለደቂቃ ባይመልስ ደህና ያለ ፋይበር ትታችሁ ትሄዳላችሁ። ስለዚህ ተመሳሳዩን በ9.9.9.9 ድገሙ፤ እሱም በፋይበሩ ይውጣ፣ ነባሪው ሩት ዲስታንስ 2 ይሁን። ሁለቱም ዝም ሲሉ ብቻ 3ኛው፣ 4ጂው፣ ይረከባል።

እነዚህን ሁለት አድራሻዎች ለዲኤንኤስ (የገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ ለሚቀይረው አገልግሎት) አትጠቀሙባቸው። በፋይበሩ እንዲወጡ ታስረዋል፤ ፋይበሩ ሲሞት አብረው ይሞታሉ። ያኔ መስመሩ ተቀይሮም ምንም ገጽ አይከፍትም፤ ምክንያቱን ለማግኘትም ቀን ይፈጃል። ለዲኤንኤስ 1.1.1.1ን ወይም ሌላ ነጻ የሆነ አድራሻ ስጡ።

ቀጥሎ የቆዩት ኮኔክሽኖች አሉ። መስመሩ ሲቀየር ራውተሩ ቀድሞ የተከፈቱትን በአሮጌው አድራሻ ለመላክ ይሞክራል። በተለይ የኢንተርኔት ስልክ በየጊዜው ፓኬት ስለሚልክ ያ አሮጌ መዝገብ አይጠፋም። ውጤቱ ዩቲዩብ ይሠራል፣ ስልክ አይሠራም ነው። መፍትሔው ኔትዎች (አድራሻ እየጠየቀ መልስ ሲጠፋ ወይም ሲመለስ ትእዛዝ የሚያስነሣ የራውተሩ ክፍል) ላይ ትንሽ ስክሪፕት መጻፍ ነው፦ መስመር ሲቀየር የኮኔክሽን ሠንጠረዡን ያጽዳ። ወደ ፋይበሩ ሲመለስም እንዲሁ።

መመለሱ ላይ አትቸኩሉ። የተቆረጠ ፋይበር ሲጠገን መጣ፣ ሄደ፣ መጣ ይላል። በየምጣቱ ብትቀያየሩ ሰው ከሁለት ያጣ ይሆናል። ፋይበሩ ሳይቋረጥ 5 ደቂቃ ከመለሰ በኋላ ይመለስ። ቼክ ጌትዌይ ብቻውን ይህን ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ መውረዱን ለእሱ ተዉለት፤ መመለሱን ግን ለስክሪፕቱ ስጡ፦ ፋይበሩ ሲወርድ የፋይበሩን ሁለት ነባሪ ሩቶች ያጥፋቸው፤ ወደ 8.8.8.8 የሚሄደውን ግን አይንካ፣ በእሱ እየፈተሸ 5 ደቂቃ ከሞላ በኋላ መልሶ ያብራቸው።

አንድ ነገር ለባለቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩት። በመቀየሪያው ቅጽበት ላይ የነበረ ጥሪ ይቋረጣል፤ የውጭ አድራሻው ስለሚቀየር ነው። እንደገና ይደወላል፤ አለቀ። ይህን መቀበል የማይችል ቢሮ ውጭ ዳታ ሴንተር ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር በዋየርጋርድ (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የግል መስመር) መተሳሰር ይኖርበታል። ዋየርጋርድ የውጩ አድራሻ ቢቀየርም የውስጡን ይዞ ይቀጥላል። ካሜራውን ከውጭ ለሚያይ ሰውም ይኸው ያድነዋል፤ 4ጂ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አድራሻው የጋራ ስለሆነ ፖርት (ከውጭ የሚገባበት ቁጥር ያለው በር) መክፈት አይሠራም።

ደረጃ 7፦ ወረፋውን ራሳችሁ ያዙት

የደረጃ 4ቱ ወረፋ ሞደሙ ውስጥ እንዳይከማች እናንተ ከሞደሙ ትንሽ ዝቅ ባለ ፍጥነት ላኩ። ፋይበሩ በትክክል 20 ሜጋ ከሰጠ 18 ላይ ገድቡት። 4ጂው 1.5 ላይ። ያኔ ወረፋው ወደ እናንተ ራውተር ይመጣል፤ እዚያ ደግሞ ተራ የምታስይዙት እናንተ ናችሁ።

በመጀመሪያ ፋስትትራክ የሚባለውን የፋየርዎል መስመር አጥፉ። ከፋብሪካ ሲመጣ በርቶ ነው የሚመጣው፤ ፓኬቶቹን ምልክት ሳታደርጉባቸው ያሳልፋቸዋል። እሱ በርቶ ከታች የምንሠራው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ማንግል (ፓኬቶች ምልክት የሚደረግባቸው የራውተሩ ክፍል) ውስጥ ምልክት አድርጉ። ስልኮቹ የራሳቸው ቪላን (ከሌላው የተለየ የውስጥ ኔትወርክ) ወይም የራሳቸው የአድራሻ ክልል ይኑራቸው፤ ከዚያ የመጣ ሁሉ ድምፅ ነው፣ ነገሩ እዳው ገብስ ነው። ለስብሰባ የዩዲፒ ፖርቶቹን ተጠቀሙ፦ ዙም ከ8801 እስከ 8810፣ ቲምስ ከ3478 እስከ 3481፣ ጉግል ሚት ከ19302 እስከ 19309። የባንኩና የሂሳቡ ሲስተም በአድራሻ ዝርዝር ይለያል። በፖርት 443 ብቻ ለመለየት አትሞክሩ፤ ዛሬ ባንኩም ቲክቶኩም በዚያው ነው የሚያልፉት። የቀረው ሁሉ በራሱ አራተኛ ክፍል ይሆናል። ኮኔክሽኑን አንድ ጊዜ ምልክት አድርጋችሁ ፓኬቱን ከእሱ ውሰዱ፤ ራውተሩ አይደክምም።

አሁን ኪው ትሪ፣ የወረፋ ዛፍ እንደማለት ነው። ለእያንዳንዱ መውጫ አንድ ዛፍ ሥሩ፤ አንዱ በፋይበሩ ኢንተርፌስ፣ አንዱ በ4ጂው። ሁለቱም ሁልጊዜ ተዘጋጅተው ይቆያሉ። መስመሩ የትኛውም ላይ ቢሆን የዚያው ዛፍ ይሠራል። የ4ጂው ዛፍ ላይ የደረጃ 5ቱን ቁጥሮች እንዳሉ አስገቡ፦ ድምፅ ሊሚት አት 400፣ ፕራዮሪቲ 1፤ ስብሰባ 600፣ ፕራዮሪቲ 2፤ ሥራ 300፣ ፕራዮሪቲ 3፤ ሌላው 100፣ ፕራዮሪቲ 8። ማክስ ሊሚቱ፣ ማለትም ጣሪያው፣ ለድምፅ 500፣ ለስብሰባ 1,000፣ ለሁለቱ ለቀሩት 1,500።

ሊሚት አትና ፕራዮሪቲ ሁልጊዜ ይምታታሉ። ሊሚት አት ቀብድ የተከፈለበት ቦታ ነው፤ ፕራዮሪቲ ደግሞ ቀብዱ ከወጣ በኋላ ለተረፈው የሚያዝ ተራ ነው። ፕራዮሪቲ ብቻ ሰጥቶ ሊሚት አቱን ባዶ የተወ ሰው ዋስትና አልሰጠም። የሊሚት አቶቹ ድምር ከላይኛው ማክስ ሊሚት ከበለጠም እንዲሁ፤ የሌለ ነገር ቃል እንደመግባት ነው።

ለአራተኛው ክፍል የወረፋውን ዓይነት ኤፍኪው ኮዴል አድርጉት። ራውተር ኦኤስ 7 ውስጥ አለ። አንዱ ትልቅ አፕሎድ ሌላውን እንዳይውጥ ወረፋውን በየኮኔክሽኑ ይከፋፍለዋል፣ የቆየውንም ይጥላል።

ዳውንሎዱ ትንሽ ይለያል። እሱን የምትይዙት ወደ ውስጥ በሚያስገባው ኢንተርፌስ ላይ ስለሆነ ዛፉ አንድ ነው፤ ቁጥሩ ግን እንደ መስመሩ ይለያያል። ኮኔክሽን የሚያጸዳው ስክሪፕት የዛፉን ማክስ ሊሚትም አብሮ ይቀይረው።

በመጨረሻ የእንግዳው ዋይፋይ በ4ጂ እንዳይወጣ አንድ የፋየርዎል መስመር ጨምሩ። የመጠባበቂያው ጥቅል በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዳያልቅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ደረጃ 8፦ መጋዘኑ

ቢሮና መጋዘን በሬዲዮ ከተገናኙ ባለ 5 ጊጋ ኸርዝ ምረጡ። የ60 ጊጋ ኸርዙ ፍጥነቱ ያጓጓል፤ ግን ዝናብ ክፉኛ ያዳክመዋል፣ ጅማ ደግሞ ዝናብ አገሩ ነው። ለአጭር ርቀት፣ ግቢ ለግቢ፣ ካልሆነ ይቅርባችሁ።

አንቴና ለአንቴና መተያየቱ ብቻ አይበቃም። ለ3 ኪሎ ሜትር መስመር መሐሉ ላይ ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ራዲየስ ያለው ክፍተት ያስፈልጋል፤ ቢያንስ 60 በመቶው ንጹሕ ይሁን። ዛሬ የተተከለ ባሕር ዛፍ ከሁለት ዓመት በኋላ መሐል ይገባል። ስለዚህ ምሰሶውን ከፍ አድርጉ፣ በየዓመቱም ከመጋቢት በፊት ወጥታችሁ እዩ።

ትንሽ ቢሮ ሁለት ራውተር አብረው የሚሠሩበት ቪአርአርፒ የሚባለውን ነገር አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ያንኑ ዓይነት ራውተር ኮንፊጉ ተጭኖለት ሼልፍ ላይ ይቀመጥ። ሲበላሽ ኬብል አዛውሮ መሰካት ነው። ክሊኒክ ወይም ብዙ ሕንፃ ያለው ተቋም ከሆነ ግን ቪአርአርፒ ተገቢ ነው፤ በተለመደው አሠራሩ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ውስጥ ሁለተኛው ይረከባል።

ደረጃ 9፦ ነቅላችሁ ሞክሩ

ያልተሞከረ መጠባበቂያ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ እነዚህን በቅደም ተከተል አድርጉ።

መጀመሪያ በራውተሩና በፋይበሩ ሞደም መካከል ያለውን ኬብል ንቀሉ። ይህ ቀላሉ ነው፤ ሁሉም ያልፈዋል።

መልሳችሁ ሰክታችሁ የፋይበሩን ገመድ ራሱን ከሞደሙ ጀርባ አውጡ። ሞደሙ ይበራል፣ ኢንተርኔቱ ግን ሞቷል። እውነተኛው ፈተና ይህ ነው። ጫፉን በጣት አትንኩ፣ ወደ ዓይናችሁ አታቅኑት፣ አቧራ እንዳይገባበት በክዳኑ ሸፍኑት። ፒንጉ ተከፍቶ ይቆይ፤ ለስንት ሰከንድ መልስ እንዳጣ በሰዓት ለኩ።  ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ ከተመለሰ ጥሩ ሠርታችኋል።

አሁን በ4ጂው ላይ እንዳላችሁ 4 ጥሪ ክፈቱ። ከአንዱ ኮምፒውተር ትልቅ ፋይል አፕሎድ ጀምሩ። የሚናገረው ሰው ከ1 እስከ 20 ይቁጠር፤ አድማጩ የጎደለውን ይንገራችሁ። ቁጥር ካልጎደለ፣ ፒንጉም ብዙ ካልወጣ፣ ዋስትናው ሠርቷል። ከጎደለ የ4ጂውን ዛፍ ከ1.5 ወደ 1.3 ዝቅ አድርጋችሁ የክፍሎቹን ቁጥር እንደገና አስሉና ድገሙት።

በመጨረሻ ዋናውን የመብራት ማብሪያ አጥፉ። ባትሪው ሲረከብ ራውተሩ ጠፍቶ ከተነሣ ኢንቨርተሩ በመቀያየሩ ዘግይቷል፤ ለኔትወርክ መሣሪያ የተሠራ ቶሎ የሚረከብ ዩፒኤስ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 10፦ ተከታተሉት

መጠባበቂያ ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል። የሲሙ ጥቅል አልቋል፣ ማንም አላየም፤ ፋይበሩ የሄደ ቀን ነው የሚታወቀው። ጥቅሉ የሚያልቅበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉና ከሁለት ቀን በፊት በቴሌብር ወይም በምትጠቀሙበት መንገድ አድሱት። ራውተሩም 208.67.222.222ን በ4ጂው በኩል ብቻ በየደቂቃው እየጠየቀ መልስ ሲያጣ ይንገራችሁ።

መልእክቱ በቴሌግራም ቦት ይምጣ፤ ሁሉም ሰው የሚያየው እሱን ነው። ስክሪፕቱ መልእክቱን ከመላኩ በፊት 30 ሰከንድ ይጠብቅ፤ አለበለዚያ በሞተው መስመር ለመላክ ሞክሮ ይቀራል። «ወደ 4ጂ ተቀይሯል፣ የቪዲዮ ስብሰባ አንድ ብቻ» ብሎ ለቢሮው ግሩፕ ቢልክ ሠራተኛው ሳይደውልላችሁ ያውቃል።

እያንዳንዱ ኬብል ላይ ስም ለጥፉ። የራውተሩን ኮንፊግ አውጥታችሁ ከቢሮው ውጭ በሌላ ቦታ አስቀምጡ። አዲስ ስልክ ወይም አዲስ ካሜራ በገባ ቁጥር ወደ ደረጃ 5 ተመለሱና ድምሩ አሁንም ከ1,500 በታች መሆኑን እዩ፤ ካለፈ መሣሪያው ከመሰካቱ በፊት ከማን ላይ እንደሚቀነስ ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ።